ስለ ድንክ ባርበሪ የጠየቃችሁኝን ሁሉ ልመልስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቀይ ቅጠል ያላትን ትንሿን ባርበሪዬን ካያችሁ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልመልስ ነው። ይቺን ተክል በጣም እወዳታለሁ፣ ብዙ ሰው ደሞ በማያስፈልጋት ነገር እየገደላት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ባርበሪ ሲባል እኔ ማውቀው ሰው የሚያህል እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፣ ይቺ ያንቺዋ ግን ጉልበቴ ጋ እንኳን አትደርስም። አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው። ባርበሪ የሚባለው ወገን ከ400 በላይ ዝርያ አለው። እኛ ምናወራው ስለ ጃፓኗ በርበሪስ ቱንበርጊ ነው፣ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1775 ጃፓን ከሄደው ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካርል ፒተር ቱንበርግ ነው። እሷ በተፈጥሮዋ ከ1 ሜትር በላይ ታድጋለች፣ ድንኮቹ ከሷ ተመርጠው የወጡ ናቸው። በጣም የታወቀችው አትሮፑርፑሪያ ናና ናት፣ ክሪምሰን ፒግሚም ይሏታል፣ በ1940ዎቹ ሆላንድ ውስጥ የወጣች። ቁመቷ ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር ነው፣ ወደ ጎን ግን እስከ 90 ትሄዳለች። ይሄን ልብ በሉ፣ ድንክ ናት ብሎ ጠባብ ቦታ ላይ አፋፍጎ የሚተክል ሰው በሦስተኛው አመት ነው የሚቸገረው። ከዚህም ያነሰች ከፈለጋችሁ ባጋቴል አለች፣ እሷ 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ላይ ትቆማለች።

ጥያቄ፦ ቀይ ብዬ ገዝቼ አሁን አረንጓዴ ሆነችብኝ። ተሸውጄ ነው እንዴ?

አልተሸወድክም። ቦታው ጥላ ይበዛበታል መሰለኝ። ቅጠሏን የሚያቀላው አንቶሳያኒን የሚባል ቀለም ነው፣ ብርሃን ሲመታት ነው በደንብ የምታመርተው። ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ስጣት፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቀልቶ ሲመጣ ታየዋለህ። ከውስጥ በኩል ተሸፍነው ያሉት ቅጠሎች አረንጓዴ ቢሆኑ ግን ችግር የለውም፣ ያ ተፈጥሯዋ ነው። ወርቃማ ቢጫ ቅጠል ያላቸው ድንኮች ግን ተቃራኒ ናቸው፣ የቀትር ፀሐይ ጫፋቸውን ያቃጥለዋል፣ ለነሱ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ነው ሚሻለው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ነው ውሃ ማጠጣት፣ ማዳበሪያም አልነፈግኳትም፣ ግን ቅጠሏ እየገረጣ እየረገፈ ነው። ምን ጎደለባት?

ምንም አልጎደለባትም እህቴ፣ በዝቶባት ነው። እባክሽ ዛሬውኑ አቁሚ። እኔም ጀማሪ እያለሁ ሦስት ችግኝ በዚሁ መንገድ ነው ያጣሁት፣ ሲጠወልጉ ጠምቷቸው ነው ብዬ ጨመርኩላቸው፣ ጭራሽ ባሰባቸው። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ስር ውሃ ውስጥ ሲከርም አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ስር ደሞ መጠጣት አይችልም፣ ስለዚህ ተክሏ ውሃ መሃል ቆማ በጥም ትሞታለች፣ ከላይ ሲታይ ግን ልክ ውሃ እንዳጣ ተክል ነው ምትመስለው። ለመለየት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፣ እርጥብ ከሆነ አታጠጪ በቃ። ከተጠራጠርሽ ጫር አድርገሽ ስሯን እዪ፣ የባርበሪ ጤነኛ ስር ውስጡ ደማቅ ቢጫ ነው፣ የበሰበሰው ጥቁር ወይ ቡኒ ሆኖ ይሸታል፣ ሲነኩትም ልጣጩ ይላቀቃል።

ገና ያልተከላችሁ ደሞ መጀመሪያ ቦታውን ፈትኑት። 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት፣ በማግስቱም ውሃው እዛው ካለ እዛ ቦታ ላይ አትትከሉ፣ ወይ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩላት። የአፈሩ ለምነት ብዙም አያሳስባት፣ አሸዋማም ሆነ ድንጋያማ ትችለዋለች፣ ማትችለው ውሃ የሚቋጥር መሬት ነው። በመጀመሪያው አመት በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበቃል፣ ስሯን ከሰደደች በኋላ ድርቅ ትችላለች። ማዳበሪያውን በተመለከተ በአመት አንዴ ስስ ኮምፖስት ይበቃታል። ናይትሮጅን ሲበዛባት ረዣዥም ልፍስፍስ ቀንበጥ ነው ምታወጣው፣ ያ ክብ ቅርጿ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፏን ስቆርጥ ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ ነው። በሽታ ይሆን?

አይደለም፣ አይዞህ። በርበሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ድሮ ከባርበሪ ግንድና ስር ለሱፍና ለቆዳ ቢጫ ማቅለሚያ ያወጡ ነበር።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ምትከረከመው? እሾኋን ፈርቼ ሁለት አመት አልነካኋትም።

ሁለት አመት ምንም አትሆንም፣ ድንኳ ብዙ መከርከም አትፈልግም። ቅርጽ ለማስያዝ ብቻ ከሆነ አበባዋን ከጨረሰች በኋላ ነው ጥሩው። አርጅታ መሃሏ ባዶ ከሆነ ግን ቅጠል ሳታወጣ በፊት ካሉት ግንዶች ያረጁትን አንድ ሦስተኛ ያህል ከመሬት ቆርጠሽ አውጪ፣ በሚቀጥለው አመት ሌላ አንድ ሦስተኛ፣ እንዲህ እያልሽ ታድሻታለሽ። ላይ ላዩን ብቻ እየላጩ ኳስ ማስመሰሉን አልወደውም፣ ውጪው ይደፍንና ውስጡ ብርሃን አጥቶ ይደርቃል። ደሞ ድንገት ከመሃል ከሌሎቹ የረዘመ ቀጥ ያለ ጉልበታም ቀንበጥ ካየሽ ከስሩ ቁረጪው፣ ዝም ካሉት ድንክነቷን ያስረሳታል። ጓንቱ ወፍራም የቆዳ ይሁን፣ እሾኋ ቀጭን ሆኖ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ የወደቀውንም ቁራጭ በደንብ ልቀሚ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ ካለ በተለይ።

ጥያቄ፦ ባርበሪ ስንዴ ላይ ዋግ ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እውነትነት አለው ግን ስለየትኛዋ ባርበሪ እንደምናወራ መለየት አለብን። የግንድ ዋግ የሚያመጣው ፈንገስ የሕይወቱን ግማሽ ስንዴ ላይ ግማሹን ባርበሪ ላይ ነው ሚያሳልፈው፣ ይሄን በ1865 ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው። ተጠያቂዋ በዋናነት በርበሪስ ቩልጋሪስ የምትባለው ረጅሟ ናት፣ አሜሪካ ከ1918 ጀምሮ በዘመቻ ያስነቀለቻትም እሷን ነው። የጃፓኗ ቱንበርጊ ዋጉን ትቋቋማለች። ሁለቱ ተዳቅለው የሚወጡት ግን ሊያዙ ስለሚችሉ ምንነቷ ያልታወቀ ችግኝ አትትከሉ፣ በተለይ እርሻ አጠገብ። ሌላም ላክል፣ በሰሜን አሜሪካ ቱንበርጊ ራሷ ወፎች ፍሬዋን እየበሉ ዘሯን ጫካ ውስጥ በትነውት ወራሪ ሆናለች፣ ኒው ዮርክና ፔንሲልቫኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ሽያጯን ከልክለዋል፣ ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ ሥር ያለው እርጥበት ለመዥገርም ይመቻል። እኔ ብወዳትም የተከለከለችበት ቦታ አትትከሏት ነው ምለው፣ ሌላ ቦታም ቢሆን ከተቻለ ፍሬ የማይዙትን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ከፍሬዋ ዘር አውጥቼ ማባዛት እችላለሁ?

ይበቅላል፣ ግን እናቱን አይመስልም፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ረጅም ይሆንብሃል። ልክ እሷኑ ከፈለግክ ቅንጥብ ውሰድ። የዘንድሮ ቀንበጥ ከታች በኩል ጠንከር ማለት ሲጀምር 10 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጥ፣ የታችኞቹን ቅጠሎችና እሾሆች አንሳ፣ ስር ማብቀያ ሆርሞን ነክረህ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሰካው፣ በላስቲክ ሸፍነህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቅ፣ በየቀኑ እየነቀልክ አትይ።

ጥያቄ፦ በሁለት ቀን ውስጥ ቅጠሏን ትል ጨረሰው!

ነጣ ያለ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብና ቢጫ ቦታ ካለበት የባርበሪ ሶውፍላይ የምትባል በራሪ ነፍሳት እጭ ነው። ጓንት አድርገሽ ልቀሚ ወይ ቅርንጫፉን እያራገፍሽ ሳሙናማ ውሃ ውስጥ ጣይው። ድንክ ስለሆነች በእጅ ማጽዳቱ ቀላል ነው፣ ወደ መርጨት አትቸኩይ። ቅጠሏን ተበልታ ብትጨርስም አብዛኛውን ጊዜ መልሳ ታወጣለች።

ጥያቄ፦ አበባዋ ትንሽዬ ስለሆነ ትኩረት ሰጥቼው አላውቅም፣ ለንብ ይጠቅማል?

በጣም እንጂ! አበባዋ ሲፈነዳ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ቀጭን የሣር ዘንግ ይዛችሁ ከቢጫዋ አበባ ውስጥ ያሉትን ወንዴ ዘንጎች ከስራቸው በኩል ቀስ ብላችሁ ንኳቸው፣ ፈንጠር ብለው ወደ መሃል ይታጠፋሉ። ንብ የአበባውን ማር ልትቀስም ስትገባ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ዘንጉ መታ አድርጎ ዱቄቱን እላይዋ ላይ ይለጥፍባታል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደሞ ወደ ቦታው ተመልሶ ሌላዋን ይጠብቃል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ጎንበስ እንዳልኩ ስንት አበባ እንደነካሁ አላውቅም።