‹አስወረዳት› እና ‹አስወረደች› አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ኬላ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ለእናቶች ምክር ስጽፍ ‹እርጉዝ› ማለት ነውር ነውን? ፅንስ የወጣባትን ሴት በመዝገብ ላይ ‹አስወረደች› ብል፣ የወለደችውንም ‹ተገላገለች› ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ ‹እርጉዝ› ነውር የለበትም፤ የማቴዎስ ወንጌል እንኳ በምዕራፍ 24 ‹ለርጉዞችና ለሚያጠቡ› ይላል። ‹ነፍሰ ጡር› አክብሮት ያለበት፣ ለሰው ብቻ የሚነገር መጠሪያ ነው፤ ላሙን ነፍሰ ጡር የሚል ገበሬ አላጋጠመኝም። ስም ሲያስፈልግዎ ‹ነፍሰ ጡር እናት›፣ ግሥ ሲያስፈልግዎ ‹ካረገዘች› ይበሉ፤ ‹ነፍሰ ጡር በምትሆንበት ወቅት› እያሉ ማስረዘሙ ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይሻል። አማርኛ ሰው ፈልጎ የማያመጣውን የአካል ሁኔታ የሚናገርበት የራሱ ስልት አለው። ‹ራባት፣ አመማት፣ አስመለሳት፣ አስቀመጣት› ስንል ሴትዮዋ ነገሩ የደረሰባት እንጂ ያደረገችው አይደለችም፤ አድራጊውም በስም አይጠራም። ‹አስወረዳት› ከዚሁ ወገን ስለሆነ፣ ፅንሱ ሳትፈልግ ወጣባት ማለት ነው። ‹አስወረደች› ሲባል ግን የግሡ ባለቤት ራሷ ትሆናለች፤ አንባቢውም መድኃኒት ወስዳ ወይም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ፅንሱን ሆን ብላ አቋረጠች ብሎ ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ የሚወጣ ፅንስ ብዙውን ጊዜ በክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃ በሚሸከመው የሴል ክፍል፣ ጉድለት ምክንያት የሚወጣ እንጂ እናትየዋ ባደረገችው ነገር የሚመጣ ስላልሆነ፣ ‹አስወረደች› ብሎ መጻፍ ያላደረገችውን በእሷ ላይ መጻፍ ነው። ‹ውርጃ› የሚለው ስምም ሁለቱንም ስለሚያጠቃልል ብቻውን አይበቃም፤ ‹በራሱ የወረደ› ወይም ‹ሆን ተብሎ የተቋረጠ› ብለው ይለዩት።

‹ተገላገለች› መልካም አነጋገር ነው፤ ‹ማርያም በሽልም ታውጣሽ› ተብላ የተመረቀች ሴት ምጡ ሲያልፍላት ሌላ ምን ይባላል! ነገር ግን የሚናገረው ስለ እናትየዋ ዕረፍት ብቻ ነው፤ ሕፃኑ በሕይወት መወለዱን አይነግረንም። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ‹ወለደች› ብለው የሕፃኑን ሁኔታ ለብቻው ያስፍሩ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ በእጅ ጽሑፍ ላይ ደጋግሜ ስላየሁት። ‹አጠበች› ገላ ነው፣ ‹አጠባች› ጡት ነው። በትእዛዝ ‹እጠቢው› እና ‹አጥቢው›፣ በአሉታ ‹አትጠቢው› እና ‹አታጥቢው› ይሆናሉ። ‹በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ አጥቢው› ሊሉ ፈልገው ‹እጠቢው› ቢጽፉ ምክሩ ይገለበጣል፤ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ ገላውን ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ሊቆይ ይገባዋልና፣ ያውም በመንዝ ብርድ። ‹እንገር› (ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት) የሚለውንም ቃል ከላም ጋር ብቻ የምታያይዝ እናት ስለማትጠፋ፣ ‹የጡትሽን እንገር አትድፊው፣ አጥቢው፤ እስከ 6 ወርም ከጡት በቀር ውኃ እንኳ አትስጪው› ብለው ይጻፉላት።