በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ያልተነገረው

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ አካባቢ ነው። ታናሽ እህቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ያለ ፈቃዷ ተድራ ሦስት ዓመት በትዳር ቆይታለች። ባሏ ይደበድባት፣ በኃይልም ያስገድዳት ነበር። ሁለት ጊዜ ሸሽታ ብትመጣም ሽማግሌዎች አስታርቀው መለሷት። በኋላ ለሥራ ቤሩት ሄደች፤ ከዚያም ወደ አንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር ተሻግራ ጥገኝነት ጠየቀች። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው፣ ያውም ወንድ ስለነበረ፣ «ከባሌ ጋር አልተስማማንም» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። ጥያቄዋም የቤተሰብ ጠብ ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። አሁን ይግባኝ ብላለች፤ ነገር ግን «ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» እንዳይሏት ትፈራለች። አንድ ሰው ደግሞ የፖለቲካ ታሪክ ብትጨምር እንደሚሻል ነግሯታል። እዚህ ሆኜ ምን ልርዳት?
ታላቅ እህቷ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አስቀድሜ የማሳስብዎ የፖለቲካውን ታሪክ እንዳትጨምር ነው። ያልሆነ ነገር ከገባበት እውነተኛው በደል አብሮ ይጣላል፤ እህትዎ ደግሞ የራሷ እውነት ይበቃታል።

ዝም ማለቷ ውሸት አይደለም። የተደፈረች ሴት ለማታውቀው ሹም፣ በአገሯ ወንድ አንደበት፣ በአንድ ጠዋት ሁሉን ዘርዝራ እንድትናገር መጠበቅ የሰውን ልጅ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ይህን የሚገነዘቡ ደንቦችም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሴት አመልካቾች በሴት ጠያቂና በሴት አስተርጓሚ እንዲስተናገዱ መክሯል፤ የአውሮፓ ኅብረት የ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያም አመልካቿ ከጠየቀች በተቻለ መጠን ጠያቂዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ ደንግጓል። ክፉው ነገር መብቱ «ከጠየቀች» በሚለው ቃል ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ መብቱ መኖሩን ያልነገሯት ሴት ምን ብላ ትጠይቃለች? የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በሌላ ከግል ሕይወት ጋር በተያያዘ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ አመልካች እንዲህ ያለውን ነገር በመጀመሪያው ዕድል ባለመግለጹ ብቻ አይታመንም ሊባል እንደማይገባ ተናግሯል። ስለዚህ ለምን ዝም እንዳለች፣ አስተርጓሚው ማን እንደነበርና ምን እንዳስፈራት በጠበቃዋ በኩል በጽሑፍ ታቅርብ፤ ለቀጣዩ ቀጠሮም ሴት አስተርጓሚ ከወዲሁ ትጠይቅ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ ዜግነትን፣ የማኅበራዊ ቡድን አባልነትንና የፖለቲካ አመለካከትን ሲዘረዝር ፆታን አላነሳም። በዚህ ምክንያት በቤት ውስጥ የሚፈጸም ግፍ ለረጅም ጊዜ «የግል ጠብ» እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል፤ በእህትዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ነገር ግን የኅብረቱ ፍርድ ቤት ጥር 16 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ በግዳጅ ተድራ ከባሏ ድብደባና ዛቻ ሸሽታ ቡልጋርያ የገባች አንዲት የቱርክ ዜጋ ባቀረበችው ጉዳይ፣ የአንድ አገር ሴቶች በፆታቸው ምክንያት ለጥቃት የተጋለጡ እንደሆነ እንደ አንድ ማኅበራዊ ቡድን ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ወስኗል። ጠበቃዋ ይህን ውሳኔ ሊጠቅስላት ይገባል።

ያም ሆኖ የደረሰባትን መከራ መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ብትመለስ ምን እንደሚጠብቃትና ማን እንደማያስጥላት ማሳየት አለባት። «አገርሽ ሕግ አለው» ይሏታል። እውነት ነው፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል። ይሁን እንጂ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ስለሚገድበው ባሏ ላደረገው ነገር በዚህ አንቀጽ መክሰስ አትችልም። ይህን ለውጭ አገር ሹም ማስረዳት ለእኔ እንደ ኢትዮጵያዊ ያሳፍረኛል፤ ለእሷ ግን ማስረጃዋ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ እሷን ወደ ባሏ መመለሳቸውም እንዲሁ። «ለምን ሌላ ከተማ አልሄድሽም?» ብለው መጠየቃቸውም ስለማይቀር፣ ባሏ ዘመድ ያለው የት የት እንደሆነ፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ መኖር ትችል እንደነበረ በዝርዝር ታስብበት።

የእርስዎ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ሸሽታ በመጣችበት ጊዜ ታክማ ከነበረ፣ የሕክምና ካርዷ ምናልባት ዛሬም በእናታችሁ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ሌሊት በር ስታንኳኳ የከፈተላት ማን እንደሆነ፣ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበረ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደሸኟት ያዩ ሰዎች ያዩትን ብቻ፣ ቀኑን እስከሚያስታውሱት ድረስ፣ ጽፈው ይፈርሙ። ከቀበሌ ደብዳቤ ካስፈለገ በመዝገብ ያለውን ብቻ የያዘ ይሁን፤ ገንዘብ ተቀብሎ የፈለጉትን የሚጽፍ ሰው ቢያገኙ እንኳ እንቢ ይበሉ። ካርዱን በስልክ ሲያነሱት ማኅተሙና ቀኑ በግልጽ ይታዩ፣ ጀርባውንም አይርሱ፤ ዋናውን ለማንም አሳልፈው አይስጡ። በይግባኝ ደብዳቤዋ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ዛሬውኑ ጠይቀዋት ማስረጃው ከዚያ በፊት ጠበቃዋ እጅ እንዲገባ ያድርጉ።