ዱቤ ላይ «ገንዘብ መልስ» ለምን ይሰበራል?

ጠያቂያችን አራት ኪሎ ላለ የመጻሕፍት መደብር በጃቫ የሽያጭ ፕሮግራም ትሠራለች። «ክፍያ የሚባል ወላጅ ክላስ አለኝ፤ ጥሬ ገንዘብ፣ ቴሌብርና ዱቤ ይወርሱታል። የተሸጠ መጽሐፍ ሲመለስ ‹ገንዘብ መልስ› የሚለው ሜተድ ዱቤ ላይ ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚነሳ ስህተት) ያስነሳና ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። በኢፍ እየለየሁ ካስት ባደርግ (ክፍያውን እንደ አንዱ ልጅ ዓይነት ቁጠረው ብል) ይበቃል?» ትላለች።

አይበቃም፣ እህቴ። ኢፉን ዛሬ እዚህ ትጽፊዋለሽ፤ ነገ ሪፖርቱ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ደረሰኙ ላይ ትደግሚዋለሽ። አንዱን የረሳሽ ቀን ኮምፓይለሩ (ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት ኮዱን የሚፈትሸውና የሚተረጉመው) ዝም ይላል፤ የምትጮኸው ካሸሯ ናት። ካስት ማለት ኮምፓይለሩን «ዝም በል፣ እኔ ዋስ ነኝ» ማለት ነው።

ጥፋቱ ዱቤ ላይ ሳይሆን ወላጁ ላይ ነው። ክፍያ «ገንዘብ እመልሳለሁ» ብሎ ቃል ከገባ ልጆቹ ሁሉ ባለዕዳ ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1987 ያነሳችው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ወላጁ በሚጠበቅበት ቦታ ልጁ ቢገባ ፕሮግራሙ መናጋት የለበትም። በዱቤ የወሰደ ደንበኛ መጽሐፉን ቢመልስ ከካዝና የሚወጣ ብር የለም፤ የሚቀነሰው ዕዳው ነው። ስለዚህ ሜተዱን ከክፍያ አውጪና «ተመላሽ» በሚል ኢንተርፌስ (የፈለገ ክላስ ብቻ የሚገባበት የሜተድ ውል) ውስጥ አስገቢው፤ ጥሬ ገንዘብና ቴሌብር ብቻ ይተግብሩት። ብር የሚመልሰው ኮድ ተመላሽን ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ዱቤ ልትሰጪው ብትሞክሪ ኮምፓይል አያደርግም።

ከዳታቤዝ የሚመጣልሽ ግን ደፈናውን ክፍያ ነውና አንድ ቦታ መለየትሽ አይቀርም። ክፍያን ሲልድ (ከተፈቀደለት በቀር ማንም የማይወርሰው) አድርጊው፣ ሦስቱን ልጆች ብቻ ፍቀጂ፣ ከዚያ በስዊች (ለየዓይነቱ ቅርንጫፍ በሚያወጣ ትእዛዝ) ለዪ። አደራ፣ ዲፎልት (የቀረውን ሁሉ የሚቀበል ቅርንጫፍ) እንዳትጽፊ! መደብሩ ነገ ቼክ መቀበል ቢጀምርና አራተኛ ክላስ ብትጨምሪ፣ ኮምፓይለሩ ያልተሟላውን ስዊች ሁሉ እየለቀመ ያሳይሻል፤ ዲፎልት ካለ ግን ቼኩ ድምፁን አጥፍቶ እዚያ ይገባል። ሲልድ ከጃቫ 17፣ ይህ ዓይነቱ ስዊች ከጃቫ 21 ጀምሮ ነው። መደብሩ ጃቫ 8 ላይ ከቀረ (አሁንም የማየው ነገር ነው) ክፍያ ላይ «መጽሐፍ ተመለሰ» የሚል አብስትራክት ሜተድ (ሥራውን እያንዳንዱ ልጅ ራሱ የሚጽፈው) አኑሪ፤ ጥሬ ገንዘብ ብር ያውጣ፣ ዱቤ ዕዳ ይቀንስ።

በላክሽው ኮድ ሌላም ነገር አየሁ፤ የጥሬ ገንዘብ አሬይ (ድርድር) ለክፍያ አሬይ ሰጥተሻል። ጃቫ ይፈቅድልሻል፤ ዱቤ ልትከቺበት ስትዪ ግን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ አሬይ ስቶር ኤክሴፕሽን ይመጣል። በሊስት ቀይሪው፤ እሱ ገና ሲኮምፓይል እምቢ ይላል። ሒሳብ ለመደመር ብቻ ከሆነ ሜተዱ «ሊስት ኦፍ ኤኒ ክፍያ» ዓይነቱን፣ ማለትም በጥያቄ ምልክትና በኤክስቴንድስ የሚጻፈውን (List<? extends ክፍያ>) ይቀበል።