መልስ፦ ምሳ ቋጥሮ ቢሮ መሄድ

እህቴ፣ ምሳ ከቤት ልያዝ ብል እንጀራው ይርስብኛል፣ ወጡም ቦርሳዬ ውስጥ ይፈሳል፣ ምን ላድርግ ነው ያልሽው አይደል? ዋናው ነገር እንጀራና ወጡን ለየብቻ መያዝ ነው፣ እንጀራውን ጠቅልለሽ በንጹህ ጨርቅ፣ ወጡን ደሞ ክዳኑ ጎማ ባለው ምሳ ዕቃ፣ በየቀኑ ፌስታል መጣልም ይቀራል። ትኩሱን ወጥ ወዲያው አትክደኚው፣ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስና ያቀጥነዋል፣ ቶሎም ይበላሻል፣ በረድ ይበልለት። ማሞቂያ ከሌላችሁ ቅቤ የገባበት ወጥ ይረጋብሻል፣ በዘይት የተሰራ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን ይሻልሻል፣ ሽሮ ከሆነም ወፈር አድርጊው።

ለብቻ ምሳ አትስሪ፣ ማታ ለራት ስትሰሪ አንድ ሁለት ጭልፋ ጨምሪበት በቃ፣ ጠዋት መሯሯጥ የለም ጋዙም ይተርፍልሻል። ያደረ እንጀራ ካለሽ ፍርፍር አድርጊው፣ በአንድ ዕቃ ስለሚሄድ ለቢሮ በጣም ምቹ ነው፣ ከዛም የተረፈውን ሳይሻግት ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ድርቆሽ ማድረግ ነው፣ በዚህ የእንጀራ ዋጋ ቁራሽ ሲጣል በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። የስራ ባልደረቦችሽንም አስጀምሪያቸው፣ እኛ ጋ ሁሉም የያዘውን አንድ ላይ ዘርግተን ነው የምንበላው፣ ስለዚህ በየቀኑ ምስር ብትይዢም አይሰለችሽም።