ሻንጣ ሳይፈታ ያለፉ ሁለት ዓመታት፦ ሳኦ ፓውሎ ለምትገቡ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች በየተራ ደውለው ስለ ሳኦ ፓውሎ ጠየቁኝ። አንደኛው ለትምህርት ነው የሚሄደው፤ አንደኛዋ ለሥራ። ሦስተኛው «ለጊዜው ነው እንጂ ከዚያ ወደ ሰሜን አልፋለሁ» አለኝ። በስልክ የነገርኳቸው አልበቃ ብሎኝ ይህን ጻፍኩ። እዚያች ከተማ 11 ዓመት በውሃ መሐንዲስነት ሠርቻለሁ። ከ11ዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በከንቱ ነው ያሳለፍኳቸው፤ እናንተ እንዳትደግሙት ከምንም በፊት እሱን ልንገራችሁ።

የገባሁት በ2009 ሐምሌ ላይ ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አዲስ አበባን በዶፍ ዝናብ ትቼ፣ በጆሃንስበርግ በኩል ዞሬ ጓሩልዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ብርድ ነበር። እዚያ ሐምሌ ደረቅ ወር ነው፤ ዝናቡ የሚወርደው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ሻንጣዬን እየጠበቅሁ የእጅ ሰዓቴን ላስተካክል ብዬ ቀና ስል የግድግዳው ሰዓት 4:30 ይላል። የእኔም 4:30 ይላል። ቆሞብኝ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት፤ ይመታል። ነገሩ የገባኝ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ እኛም ሰዓት የምንቆጥረው ከፈረንጆቹ 6 ሰዓት ቀንሰን ነው። እናቴ ቤት ከምሽቱ 4:30 ሲሆን፣ እዚያ በነሱ አቆጣጠር የከሰዓት በኋላው 4:30 ነው። በሀበሻ የተሞላ ሰዓት ሳይነካ ይሠራል።

ደስ አለኝ፤ መልካም ምልክትም መሰለኝ። ሰዓቴን አልነካሁትም። ሻንጣዬንም አልፈታሁትም። ውሌ የሁለት ዓመት ስለነበር ልብሴን ከሻንጣው እያወጣሁ ለብሼ፣ ታጥቦ ሲደርቅ ወደዚያው እመልሰዋለሁ። ለመስኮቱ መጋረጃ አልገዛሁም። ቢሮ በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ ማታ ማታ በስልክ አዲስ አበባ ነኝ። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ፣ መንገዱ የት እንደተቆፈረ አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረውን ጎረቤቴን ግን አላውቀውም።

በጥቅምት ወር አንድ ሰኞ፣ ከከተማው አስተዳደር ሰዎች ጋር በነሱ 8 ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረን። አሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ ብዬ ስገባ ሰዎቹ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነው። ለካ እሑድ ሌሊት ከተማው በሙሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍቶታል፤ ሙቀቱ ሲመጣ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። የሕንፃችን በር ጠባቂ ቅዳሜ ዕለት ሁለት ጊዜ የእጁን አንጓ እየጠቆመ የሆነ ነገር ነግሮኛል። እኔ ፈገግ ብዬ፣ ራሴን ነቅንቄ አልፌዋለሁ። ሬዲዮውም ተናግሮ ነበር፤ ጋዜጣውም ጽፎታል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብራዚል ያንን አሠራር በ2019 አስቀርታዋለች፤ ስለዚህ ዛሬ ሀበሻ ሰዓታችሁ ዓመቱን ሙሉ ከከተማው ጋር ይገጥማል። እንደኔ ደንገጥ አድርጎ የሚያነቃችሁ ሰኞ አይመጣላችሁምና ነው አጥብቄ የምነግራችሁ።

የዚያው ዓመት ታኅሣሥ የቲዬቴ ወንዝ ሞልቶ በምሥራቅ በኩል ጃርዲም ፓንታናል የሚባለውን ሰፈር አጥለቀለቀው፤ ውሃው ለሳምንታት አልሸሸም። ለሥራ ስንሄድ አንድ አዛውንት በር ላይ ቆመው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የጭቃ መስመር በጣታቸው እያሳዩ ረጅም ጊዜ አወሩኝ። የጎርፍ መሐንዲስ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ውሃው ከየት እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ቦዩ የት ላይ እንደተዘጋ እየነገሩኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ሁሉንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተረጎመልኝ። በማግስቱ ፖርቱጋልኛ መማር ጀመርኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልጀመርኩም። ሌላ ዓመት ተኩል አለፈ።

ያነቃኝ የኢሚግሬሽን ሙዚየሙ ታሪክ ነው። ሞካ ሰፈር አጠገብ በ1887 የተከፈተ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ እስከ 1978 ድረስ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው አልፎበታል። ጣልያን፣ ስፓኝ፣ ጃፓን፣ ከራሷ ከብራዚል ሰሜን ምሥራቅ የመጣውም ጭምር። ሙዚየሙ ያኔ ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር አንድ እሑድ ሥራ ፈትቼ ታሪኩን ቤቴ ሆኜ አነበብኩ። በሰኔ 1908 ካሳቶ ማሩ በምትባል መርከብ ሳንቶስ ወደብ የወረዱት 781 ጃፓኖች ነገር በተለይ ልቤን ነካው። ከነሱና ተከትለዋቸው ከመጡት አብዛኞቹ ጥቂት ዓመት በቡና እርሻ ሠርተው፣ ጥሪት ቋጥረው ሊመለሱ ነበር የመጡት። ዛሬ ብራዚል ከጃፓን ውጭ ትልቁ የጃፓን ተወላጆች ማኅበረሰብ ያለባት አገር ናት። መመለሳችን የማይቀር ነው ብለው ያሰቡ ሰዎች ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ተቀብረውባታል። አንብቤ ስጨርስ ተነሣሁና የሻንጣዬን ዕቃ በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፋሁት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ለሦስት ወር ብትሄዱም እንደ ነዋሪ ኑሩ። «መሄዴ ነው» የሚል ሰው ቋንቋ አይማርም፣ ጎረቤት አይጠይቅም፣ ወረቀቱንም አያስተካክልም፤ መሄዱ ሲዘገይ ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል።

ቋንቋውን ከደረሳችሁበት ሳምንት ጀምሩ። መልካችሁ እንግዳ መሆናችሁን አያሳይም፤ በ2022ቱ ቆጠራ ከብራዚል ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ጥቁር ወይም ክልስ ብሎ ያስመዘገበ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እንደ አገሬው ቆጥሮ በፖርቱጋልኛ ያዋራችኋል፤ ዝም ስትሉ የናቃችሁት ይመስለዋል። ገንዘብ የለኝም አትበሉ። ከተማው በራሱ ትምህርት ቤቶች ለመጤዎች የሚሰጠው «ፖርታስ አቤርታስ» የተባለ ነፃ ኮርስ አለ፤ ግሊሴርዮ ሰፈር ያለው የካቶሊኮቹ «ሚሳው ፓስ» ተቋምም ያስተምራል። በአፍንጫ የሚወጡት ድምፆች መጀመሪያ ያስቸግራሉ። ተሳሳቱ፣ ይታረማል። እዚያ ያለ ሰው የሚሞክርን ሰው አያሳፍርም፤ ይህን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ።

ወረቀትን በተመለከተ፣ «ሴ-ፔ-ኤፊ» የሚሉትን ባለ 11 አኃዝ የግብር ቁጥር ቶሎ አውጡ። ያለ እሱ የባንክ ሒሳብ የለም፣ የስልክ መስመር የለም፤ ፋርማሲ ውስጥ እንኳ ይጠይቋችኋል። የመኖሪያ ምዝገባው በፌዴራል ፖሊስ በኩል ነው። የ2017ቱ የስደት ሕግ በወታደሮቹ ዘመን የወጣውን የ1980ውን ሕግ ተክቶ ለመጤ ብዙ መብት ሰጥቷል። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ያለ ክፍያ መታከም ትችላላችሁ። በሕጋዊ ውል ከተቀጠራችሁ በዓመት 30 ቀን ዕረፍት፣ ለዕረፍቱ የደመወዝ አንድ ሦስተኛ ጭማሪ፣ በዓመቱ መጨረሻም 13ኛ ደመወዝ አላችሁ። ብዙ ልጆች ይህን ባለማወቅ በጥቁር ገበያ ዋጋ ጉልበታቸውን ሲሸጡ አይቻለሁ። በዲግሪያችሁ ልትሠሩ የምታስቡ፣ ማስረጃችሁን ከነዝርዝር የኮርስ ይዘቱ አዲስ አበባ ባለው የብራዚል ኤምባሲ አረጋግጣችሁ ሂዱ። እኔ ይህን ሳላደርግ ሄጄ አንድ ወረቀት ለማስመጣት ስምንት ወር ጠብቄያለሁ።

ቤት ስትከራዩ ዋስ ይጠይቋችኋል፤ ያውም በስሙ ቤት ያለው ዋስ። እንግዳ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ሕጉ በምትኩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ማስያዝን ይፈቅዳልና ይህን የሚቀበል አከራይ እስክታገኙ ፈልጉ።

ስልካችሁን መንገድ ዳር ቆማችሁ አታውጡ። በብስክሌት እያለፉ ይመነትፋሉ፤ ሱቅ ገብታችሁ ተመልከቱ።

ወደ ሰሜን አልፋለሁ ላልከኝ ልጅ፦ የደላላውን ወሬ ሰምተሃል፤ የእኔንም ስማ። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ቪዛ ሳይኖራቸው በጓሩልዮስ ትራንዚት የሚያደርጉ መንገደኞች እዚያው ጥገኝነት እንዲጠይቁ አይፈቀድላቸውም። በሕግ የገባ ሰው ግን ጥገኝነት ሲጠይቅ በሚሰጠው ማስረጃ ወረቀት መሥራት ይችላል። ወደ አሜሪካ በእግር የሚሻገሩበትን፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ ከመሻገር በፊት ይህችን ወረቀት፣ ይህችንም ከተማ በደንብ አስብባቸው። እናትህን ብሆን የምነግርህ ይህንኑ ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ውሸታም እሆናለሁ። በ2012 አንድ የባለጸጎች ሕንፃ ውስጥ ለሥራ ቀጠሮ ስሄድ፣ ከረቫት አስሬ ቦርሳዬን ይዤ፣ ጥበቃው የሠራተኞችና የዕቃ መጫኛውን ሊፍት በጣቱ አሳየኝ። እዚያ ሕንፃዎች ሁለት ዓይነት ሊፍት አላቸው። ደሜ ፈላ። ወዲያው ግን ከዋናው ሊፍት አጠገብ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ዓይኔ ገባች፤ በዘር፣ በቀለም፣ በመጡበት አገር ምክንያት ሰውን ከሊፍት መከልከል ክልክል ነው ትላለች። ከተማው ሕጉን ያወጣው በ1996 ነው። በዚያን ጊዜ ፖርቱጋልኛ ማንበብ እችላለሁ። ሰሌዳዋን ድምፄን ሳላነሣ አነበብኩለትና በዋናው ሊፍት ወጣሁ። ብራዚል ባርነትን ያስቀረችው በግንቦት 1888 ነው፤ በአሜሪካ አህጉር የመጨረሻዋ ነች። ያ ጥበቃ ራሱ ጥቁር ነበር። ቂም አልያዝኩበትም። ግን ልጆቼ፣ ዘረኝነት እዚያ በሕገ መንግሥቱ በይርጋ የማይታገድ ወንጀል ነው፤ ሲደርስባችሁ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግባችሁ፣ ምስክር ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ክሰሱ።

በ2014 ከተማዋን ድርቅ መታት። ወደ 9 ሚሊዮን ሰው የሚያጠጣው የካንታሬይራ ግድብ ሥርዓት ከመምጠጫ ቧንቧዎቹ በታች ሊወርድ ተቃረበና በግንቦት ከታች የቀረውን ውሃ በፓምፕ መሳብ ጀመሩ። እኛ ሳንታና ሰፈር ሌሊት ሌሊት ቧንቧው ይደርቃል፤ የሕንፃው ኃላፊም ውሃ በሰዓት እንዲለቀቅ ወሰነ። አንድ ማታ የ4ኛ ፎቋ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ሁላችንም «ዶና» እያልን ነበር የምንጠራቸው፣ እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው። የውሃ ሰው መሆኔን ሰምተው ገላቸውን እንዴት እንደሚታጠቡ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

ይህንን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ እናቴ ጓሮ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሳፋና አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አሳየኋቸው። መጀመሪያ በአንድ ጣሳ እርጥብ ማለት፣ ሳሙናውን ሳይቸኩሉ መምታት፣ ከዚያ ከአናት ጀምሮ ቀስ እያሉ ማፍሰስ፤ በ5 ሊትር ሰው ይታጠባል። ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመው ለሽንት ቤት ይሆናል። ሁሉንም በፖርቱጋልኛ ነበር የነገርኳቸው። በማግስቱ አራት ጎረቤቶች መጡ። በር ጠባቂው ያ የአንጓው ሰው ነው፤ እሱም ጀሪካኑን ይዞ መጣ።

ኅዳር ላይ ጾመ ነቢያት ሲገባ ዶና ምን እንደምበላ ጠየቁኝ። ባቄላ የሚመስለው አደንጓሬያቸውና ሩዛቸው ለጾም የተመቸ ነው፤ ችግሩ ምግብ ቤት «ሥጋ አለው?» ስትሉ «የለውም» ይሏችሁና ማንኪያው ከሥር የአሳማ ስብ ቁራጭ ይዞ ይወጣል። ስብ ሥጋ አይደለም ይላሉ፤ ዋሽተው አይደለም፣ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ዶና በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ ሠርተው በትንሽ ድስት በየሳምንቱ ረቡዕ ያመጡልኝ ነበር። ዓርብ ሲመጣ ድስቱን አጥቤ፣ ቡና አፍልቼ እሄዳለሁ።

በታኅሣሥ 31 ቀን ጠዋት ዶናን ይዤ በሰማያዊው ሜትሮ ወረድኩ፤ በአረንጓዴው ቀይረን ፓውሊስታ ጎዳና ደረስን። የሳኦ ሲልቬስትሬ የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከሴቶቹ ውዴ አያሌው፣ ከወንዶቹ ዳዊት አድማሱ አንደኛ ወጡ። ዶና አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኤቺዮፒያ! ኤቺዮፒያ!» እያሉ ጮኹ፤ ቲውን እነሱ እንደዚያ ነው የሚጠሩት። አጠገባችን የቆመ ሰው ዞር ብሎ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ዶና ክንዴን ይዘው መለሱለት።

«ሳንታና ነው» አሉት። «የእኛ ሕንፃ ሰው ነው።»