የብርድ ወራት ድባቴና የዩኒቨርሲቲ ስም

ጥያቄ፦ ፀሐይ በጊዜ በምትጠልቅበት ብርዳማ ከተማ የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ከአልጋዬ መነሣት ያቅተኛል፤ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የገቡ ጓደኞቼን ሳስብ ደግሞ የእኔ ነገር ያበቃለት ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱን ጭንቀቶች ለየብቻ ይመልከቷቸው። በብርድ ወራት እየተመላለሰ የሚመጣው ድባቴ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 በጥናት የገለጹት ሕመም ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በሚሰጥ መብራት ፊት መቀመጥ ብዙዎችን ስለሚረዳ፣ ሐኪም ያማክሩ። ስምን በተመለከተ ደግሞ፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏቸው ሌላ ቦታ የተማሩ ተማሪዎች በአብዛኛው ከገቡት ጋር ተቀራራቢ ገቢ አግኝተዋል፤ ዝናው ጎልቶ የጠቀመው ከድሃ ቤተሰብ የመጡትን ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር አስበው ከሆነ ግን፣ ውሳኔውን ቀኑ እስኪረዝም ያቆዩት።