ስልኩና የወረቀት ካርታው ለምን አይገጥሙም? ለአምቡላንስ ስምሪትስ የቱን ቁጥር እንያዝ?

ጥያቄው «ከስልክ የተላከልንን ዩቲኤም (የቦታ ቁጥር በሜትር፣ በምሥራቅና በሰሜን) በ1:50,000 ካርታ ላይ ስናስቀምጠው ቦታውን ይስታል፤ ለአምቡላንስ ስምሪት ምን ይሻለናል?» የሚል ነው።

የተሳሳተ ቁጥር የለም፤ የተለያየው ዳተሙ፣ ማለትም ቁጥሩ የሚለካበት የምድር ቅርጽና መነሻ ነው። የድሮዎቹ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው፣ ስልክ የሚሰጠው ደግሞ የጂፒኤሱን ዳተም፣ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። አዲስ አበባ አካባቢ የስልኩ ንባብ ከካርታው በምሥራቅ 90 ሜትር፣ በሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ካርታው ላይ ነጥብ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ቀንሱ። ማስተካከያውን በቀይ እስክሪብቶ ካርታው ጥግ ላይ ጻፉት። በስልክና በሬድዮ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ ደብሊውጂኤስ 84 ይሁን። የአፑን ዳተም ወደ አዲንዳን ቀይሮ ኤምጂአርኤስ (ያንኑ ዩቲኤም በዞን፣ በካሬ ፊደሎችና በአጭር ቁጥር የሚጽፍ ዘዴ) ማንበብ አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም ለዚያ ዳተም የቆየውን የፊደል አሰላለፍ ስለሚጠቀም ከካሬው ሁለት ፊደሎች ሁለተኛው በአሥር ደረጃ ይዘላል።

ለስምሪት ኤምጂአርኤስን እመርጣለሁ። መስቀል አደባባይ ግድም 37 ፒ፣ ዲኬ፣ 737 960 ነው፦ 37 ፒ ዞኑ፣ ዲኬ የ100 ኪሎ ሜትሩ ካሬ፣ የቀረው በካሬው ውስጥ ያለው ቦታ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ይነበባል። ስድስት አሃዝ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ካሬ ያሳያል፣ ስምንት አሃዝ 10 ሜትር። ለአምቡላንስ ስምንቱን ጠይቁ፤ አሥር አሃዝ ግን ከስልክ ጂፒኤስ አቅም በላይ ነው። አሃዝ ስታሳጥሩ ቁረጡ እንጂ አታጠጋጉ፤ ካጠጋጋችሁ ቀጣዩ ካሬ ውስጥ ትገባላችሁ።

«ሁላችንም አዲስ አበባ ነን» ብሎ ፊደሎቹን መተው አያዋጣም። ከምድር ወገብ የሚቆጠረው የ1,000 ኪሎ ሜትሩ መስመር ስድስት ኪሎ አካባቢ ያልፋል፤ ከሱ በደቡብ ዲኬ፣ በሰሜን ዲኤል ነው። ቁጥሩ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ስለሚደገም ያለ ፊደል ምንም አይናገርም። ምሥራቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ ዞኑንም አትርሱ፤ ድሬዳዋ ዞን 37፣ ሐረር ዞን 38 ናት። በምዕራብ ጋምቤላ፣ አሶሳና መቱ ዞን 36 ውስጥ ናቸው።

ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ሲነገር ነው። ዲ፣ ቢ፣ ፒ በስልክ አይለዩም፤ ዴልታ፣ ብራቮ፣ ፓፓ በሉ። ለኬ ፊደል «ኪሎ» ስትሉ ቁም በሉና ቁጥሩን ጀምሩ፣ ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ ጋር እንዳይምታታ። ሠላሳና ስልሳም በመጥፎ መስመር አንድ ናቸው፤ እያንዳንዱን አሃዝ ለየብቻ ጥሩ፦ ሰባት፣ ሦስት፣ ሰባት። ተቀባዩ መልሶ ያንብብ።

ደዋዩ ከጉግል ካርታ የዲግሪ ቁጥር ብቻ ካለው እንዳለ ተቀበሉት፤ መቀየሩ የእናንተ ሥራ ነው። የአስርዮሽ ነጥቡ የት እንዳለ ግን አረጋግጡ፦ 9.0105 ዲግሪን 9 ዲግሪ ከ01 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ብሎ የጻፈ ሰው መኪናውን ከ800 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይልከዋል።